ከሰንዳፋ እስከ ሸኖ፦ ስለ አውራ ጎዳናውና ስለ ዳር ማሳው አንባቢያን የጠየቁን

ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በለገጣፎና በለገዳዲ ወጥቶ፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን እያቋረጠ ወደ ደብረ ብርሃን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ለሩቅ ተጓዥ የደሴና የመቐለ መንገድ ነው። በዳሩ ለሚኖረው ገበሬና ነጋዴ ግን እህሉንና ቅቤውን ወደ ገበያ የሚያወጣበት፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክበት፣ ጠዋትና ማታ ከብቶቹን የሚያሻግርበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥርም ጎርፉን የሚቀበልበት ነው። ስለዚህ መንገድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠን በዚህ እትም መልስ ሰጥተንባቸዋል። ጸሐፊዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም፣ በእኔ እምነት ደብዳቤዎቹ የሚያመለክቱት ወደ አንድ ጉዳይ ነው፦ መንገዱና ከጎኑ ያለው ማሳ በአንድ አፈርና በአንድ ውሃ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ አንዱን ትቶ ሌላውን መጠበቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በካናዳ፣ ሳስካችዋን በሚባለው ክፍለ ሀገር ይኖራል። በስንዴ ማሳ መካከል እንደ ክር ተወጥሮ የሚሄድ የገጠር አውራ ጎዳና ፎቶግራፍ ልኮልኝ ነበር። የእኛም አካባቢ ከሰንዳፋ እስከ ሸኖ ሜዳ ነው፤ ስንዴና ገብስም ይዘራበታል። ታዲያ የእኛ መንገድ ሜዳ ላይ እየሄደ ለምን ይሞገዳል? ለምንስ ጠርዙ ቶሎ ይሰነጠቃል? የተራራው መንገድ ቢበላሽ ይገባኛል፤ የሜዳው ግን ግራ ያጋባኛል። (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ሜዳ መሬት ለመንገድ ሠሪ የተመቸ ስለሚመስል ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ድንጋይ መፈንቀል፣ ገደል መደገፍ የለም፤ መኪናውንም ዳገት አያስጨንቀውም። ይሁን እንጂ የአንድን አስፋልት ዕድሜ ከመሬቱ ተዳፋት ይልቅ የሚወስኑት ከአስፋልቱ ሥር ያለው አፈርና የዝናቡ ውሃ የሚሄድበት አቅጣጫ ናቸው። በጣርማበርና በደብረ ሲና በኩል ያለውን ተራራማ መንገድ የሚያሰጋው በዋናነት የመሬት መንሸራተትና የድንጋይ ናዳ ነው። ከሰንዳፋ እስከ ሸኖ ባለው ሜዳ ግን ሰፊው ክፍል ጥቁር አፈር ነው፤ በሸዋ መረሬ፣ በኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ደግሞ ኮቲቻ የሚባለው ማለት ነው።

ይህን አፈር ከገበሬው በላይ የሚያውቀው የለም። በበጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ሲርስ ደግሞ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ውሃውንም ወደ ታች አላሳልፍ ብሎ ላዩ ላይ ያቁራል። ምክንያቱ በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ እጅግ ስስ ከሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ስለሆነ፣ ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ንብርብሮቹ እየተራራቁ አፈሩን ያሳብጡታል፤ ውሃው ሲወጣ ደግሞ ይቀራረቡና አፈሩ ይኮማተራል። ገበሬው ለዚህ ከጥንት ጀምሮ መላ አበጅቶለታል። በማሳው ላይ ፈሰስ እያወጣ ውሃውን ያጠነፍፋል፤ ሽምብራና ጓያ የመሳሰለውን ጥራጥሬ የክረምቱ ዝናብ ከበረደ በኋላ በቀሪው እርጥበት ይዘራል፤ በሸኖ አካባቢም ጓይ በሚባለው ዘዴ አፈሩን ከምሮ እያቃጠለ ለገብስ ያመቻቸው ነበር።

መንገዱ የተዘረጋው በዚሁ አፈር ላይ ነው። አስፋልቱ ዝናቡንም ፀሐዩንም ስለሚከልል፣ ከመንገዱ መካከል ሥር ያለው አፈር ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ እርጥበቱ ብዙም የማይለዋወጥ ይሆናል። ጠርዙ ግን ይህ ዕድል የለውም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከቦዩ የሚሰርገው ውሃ ያሳብጠዋል፤ በበጋው ወራት ደግሞ ደርቆ ይኮማተራል፣ ወደ ታችም ይወርዳል። መካከሉ ባለበት ቆሞ ጠርዙ በየዓመቱ ሲነሳና ሲወርድ አስፋልቱ ይህን መሸከም ስለማይችል፣ ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ በመንገዱ ርዝመት ይሰነጠቃል። እርስዎ ያዩት ስንጥቅ ይህ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን ገረጋንቲ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ በላዩ የሚያልፈው ከባድ መኪና ስንጥቁን ወደ ጉድጓድ ይለውጠዋል።

መሞገዱም ከዚሁ የመጣ ነው፤ አፈሩ በሁሉም ቦታ እኩል ስለማያብጥ አንዱ ቦታ ይነሳል፣ ሌላው ይወርዳል። በተለይ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ባለበት ቦታ መኪናው ዘለል ሲል የሚሰማዎት፣ ቱቦው ነባሩ አፈር ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ በተሞላ ጠጠር ላይ ስለተቀመጠ ባለበት ሲቆይ፣ ግራና ቀኙ ያለው መንገድ ግን ከወቅቱ ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል ነው። በመንገዱ ዳር የተተከለው ባሕር ዛፍም የራሱ ድርሻ አለው። ሥሩ ከመንገዱ ትከሻ፣ ማለትም ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ካለው ዳር በታች ያለውን እርጥበት ስለሚመጥ፣ ዛፎቹ ባሉበት በኩል መንገዱ ዝቅ ብሎ ያዘነብላል። ዛፉ ከመንገዱ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ርቆ ቢተከል ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ባሕር ዛፍ ለዚህ አካባቢ ሰው ማገዶም፣ የቤት ማገርም፣ የክፉ ቀን ገንዘብም ስለሆነ ይነቀል ማለቴ አይደለም፤ የሚተከልበት ቦታ ይታሰብበት ማለቴ ነው።

ከባድ መኪና መንገድ እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን በትክክል የሚገምተው ሰው ጥቂት ነው። ይህን ለመለካት ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ የታወቀው የተካሄደው በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር፣ ኦታዋ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለ የእርሻ ሜዳ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ድረስ፣ ውፍረታቸው የተለያየ አስፋልትና ኮንክሪት በተነጠፈባቸው መዞሪያዎች ላይ ልዩ ልዩ ክብደት የጫኑ መኪናዎች ሁለት ዓመት ያህል ሲመላለሱ ቆዩ። የተገኘው ውጤት እስከ ዛሬ የመንገድ መሐንዲሶች የሚመሩበት ነው፦ በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። በዚህ ስሌት በ10 ቶን ፈንታ 13 ቶን የተጫነበት አክስል የሚያደርሰው ጉዳት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። አሸዋ ወይም ሲሚንቶ ከልክ በላይ የጫነ አንድ ገልባጭ መኪና ለባለቤቱ የሚያስገኘው ትርፍ የአንድ ምልልስ ትርፍ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚተወውን ጉዳት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ መኪናዎች ተደምረው አያደርሱትም። ከሥር ያለው አፈር ውሃ በጠገበበት ወር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ወንድምዎ የላኩልዎት ፎቶግራፍ የማያሳያቸው ነገሮችም አሉ። በካናዳ ምዕራባዊ ሜዳዎች መሬቱ እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ጎኑ አንድ ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ተከፋፈለ፤ በአራት ማዕዘኖቹ መካከልም ለመንገድ የሚሆን መተላለፊያ አስቀድሞ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1872 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት ለአንድ ሰፋሪ ቤተሰብ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል ይሰጥ ነበር። መንገዱ ቀጥ ብሎ የሚታየው ገበሬው ሳይመጣ መስመሩ ስለተሰመረ ነው። ይህን ስናይ ግን መሬቱ ባዶ እንዳልነበረ፣ ክሪ የሚባሉትን የመሳሰሉ ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት እንደነበርና በውል ስም ወደ ጠባብ ክልል እንደተገፉ መዘንጋት አይገባም። በእኛ ዘንድ ማሳው ከመንገዱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፤ የአንድ ገበሬ ይዞታም በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የመንገዱን ትከሻ በጥቂት ሜትር ማስፋት እዚያ የስንዴውን ዳር መንካት ሲሆን፣ እዚህ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ሊነካ ይችላል። መንገዱን የሚነድፍ ሰው ይህን ልዩነት በልቡ ሊይዘው ይገባል።

የአፈሩን ችግር በተመለከተ እነሱም አላመለጡም። በሳስካችዋን ዋና ከተማ በሬጃይና ዙሪያ፣ እንዲሁም በጎረቤቷ በማኒቶባ ዋና ከተማ በዊኒፔግ ዙሪያ ያለው ሸክላ አፈር እንደ እኛው መረሬ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ነው። በዚያ ላይ በብርዱ ወራት በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ድረስ በረዶ ይሆናል። ይህ በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት ከአስፋልቱ ሥር ያለው አፈር ውሃ ጠግቦ ስለሚደክም፣ በተወሰኑ መንገዶች ላይ ከባድ መኪናዎች እንዲጭኑ የሚፈቀድላቸው ክብደት ለጥቂት ሳምንታት በሕግ ዝቅ ይደረጋል። ደግሞም እዚያ ሁሉም መንገድ እንደ ፎቶግራፉ አይደለም። በሳስካችዋን ገጠር በአፈር ላይ ስስ የአስፋልት ሽፋን ብቻ የተደረገላቸው ብዙ መንገዶች ነበሩ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የባቡር ቅርንጫፍ መስመሮች እየተዘጉ እህሉ በከባድ መኪና መጫን ሲጀምር ብዙዎቹ ተሰባበሩ፣ አንዳንዶቹም ወደ ጠጠር መንገድነት ተመለሱ።

ከዚያ አገር ልንወስደው የሚገባን በወቅት ላይ የተመሠረተውን የጭነት ቁጥጥር ነው እላለሁ። የእኛ አፈር የሚደክምበት ወቅት የታወቀ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት በሚዛን ጣቢያዎች የሚደረገው ቁጥጥር በተለየ ሁኔታ ቢጠብቅ፣ በጥገና ከሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ማዳን ይቻል ነበር። መሐንዲሱም በበኩሉ መንገዱ ሲሠራ ወይም ሲታደስ ጥቁሩን አፈር በበቂ ጥልቀት አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት፣ ወይም ከኖራ ጋር ቀላቅሎ የማበጥ ኃይሉን መቀነስ፣ መንገዱን ከማሳው ከፍ ማድረግ፣ ትከሻውንም በአስፋልት መሸፈን ይችላል። የትከሻው መሸፈን ጥቅሙ፣ የሚነሳውና የሚወርደው ጠርዝ የመኪና ጎማ ከሚሄድበት እንዲርቅ ማድረጉ ነው። ቦዩም ከመንገዱ ግርጌ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ መቆፈር አለበት፤ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ቦዩን ከአስፋልቱ ሥር አስጠግቶ መቆፈር በጥቁር አፈር ላይ ውሃውን ወደማይፈለግበት መጋበዝ ነው። እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በጣም ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቀው፣ ነገር ግን በየዓመቱ የሚዘነጋው ሥራ ግን ቦይና ቱቦን ሰኔ ሳይገባ መጥረግ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን መንገድ የሠራው ጣሊያን ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነውን? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። ከወረራው በፊትም ደሴን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ፣ መኪና የሚያስኬድ የአፈር መንገድ ነበር። እንዲያውም የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. በመኪና ተጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው በዚሁ አቅጣጫ ሲሆን፣ ጣርማበር ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰውበት ስለነበር እስኪጠግነው ድረስ ተገቶ፣ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። የጣርማበር ዋሻና መንገዱ ዛሬ የሚከተለው ዋና መስመር በወረራው ዓመታት የተሠሩ ናቸው።

ከነፃነት በኋላ የነበረው ታሪክ ግን እምብዛም አይነገርም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ይህም ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነበር። ሥራውም ከወረራው በኋላ የተጎዱትን መንገዶች መልሶ ማቋቋም ነበር። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ደግሞ የመንገድ ፈንድ ተቋቁሞ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ስለዚህ ከለገጣፎ ወደ መገናኛ በሚኒባስ የሚመላለስ ሰው ሁሉ በሚከፍለው ታሪፍ ውስጥ ለመንገድ ጥገና ድርሻውን ያዋጣል። መንገዱ ተጎድቶ ሲያይ መጠየቅ መብቱ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ አመሻሹ ላይ ከብቶቼን ከግጦሽ ሳስገባ አንዲት የምትታለብ ላሜን መኪና ገጭቶ ገደለብኝ። ሹፌሩ ደግሞ የመኪናው መብራትና ኮፈን ስለተሰበረ የምከፍለው እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። ከብት መንገድ ላይ ከተገኘ ምንጊዜም ጥፋቱ የባለ ከብቱ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሕጉ ምን ይላል? (ከአለልቱ አካባቢ)

መልስ፦ የምትታለብ ላም መሞት በእርስዎ አካባቢ የወተቱንም፣ ለገበያ የሚወጣውንም ቅቤ፣ የሚቀጥለውንም ጥጃ ማጣት ስለሆነ፣ ጉዳትዎ ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ። የነገሩዎት ነገር ግን ትክክል አይደለም። ተቃራኒው፣ ማለትም ምንጊዜም የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው የሚለውም እንዲሁ ትክክል አይደለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁለታችሁም የሚሆን ድንጋጌ አለው። በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ያመለጠ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። በአንቀጽ 2081 መሠረት ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ኃላፊ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው አንቀጽ 2086 የመኪናው ባለቤት ከዚህ ኃላፊነት በሙሉ ወይም በከፊል የሚድነው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ መሆኑን ይገልጻል። ስለዚህ ነገሩ የሚወሰነው በዝርዝሩ ነው፦ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር? መብራት አብርቶ ነበር? ቦታው ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ከከተማ ውጭ? ከብቶቹን የሚነዳ ሰው ነበር ወይስ ብቻቸውን ተለቀው ነበር? የሚሻገሩበት ቦታ ከሩቅ ይታያል ወይስ ከመታጠፊያ ጀርባ ነው? እርስዎ ከብቶቹን እየነዱ በተለመደው መሻገሪያ ያሻገሩ ከነበረና ሹፌሩ በፍጥነት የመጣ ከሆነ፣ እርስዎ ከፋይ ሳይሆኑ ተከፋይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላው ሊያውቁት የሚገባው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ እንዳለበት ነው። ይህ መድን በሰው ላይ ከሚደርሰው ጉዳት በተጨማሪ፣ በሕግ በተወሰነው መጠን በንብረት ላይ የሚደርሰውንም ጉዳት ይሸፍናል፤ ከብት ደግሞ ንብረት ነው። በመሆኑም ሹፌሩ በግሉ የሚከፍለው ገንዘብ የለኝም ቢል እንኳ፣ መድን ሰጪውን ድርጅት መጠየቅ ይቻላል።

ይህን ለማድረግ ማስረጃ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ የሰው ሕይወት ማዳን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሰሌዳ ቁጥሩን መጻፍ፣ የትራፊክ ፖሊስ ጠርቶ የአደጋውን ፕላን ማስነሳት፣ የከብቱን አወዳደቅና የጎማውን ምልክት በስልክ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ያዩ ሰዎችን ስም መያዝ ይገባል። የላሟን ዕድሜና የወተት መጠን የሚገልጽ ጽሑፍ ከእንስሳት ሐኪም ወይም ከቀበሌ፣ የገበያ ዋጋዋንም በሚያውቁ ሰዎች ማረጋገጥ ይቻላል። በገጠራችን እንዲህ ያለውን ነገር በሽማግሌ መጨረስ የተለመደ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። ነገር ግን በመንገድ ዳር በቁጣና በችኮላ የሚደረግ ስምምነት ብዙውን ጊዜ ደካማውን ወገን ይጎዳል። በሽማግሌ ቢስማሙም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ፖሊሱም ያመለከታችሁትን አደጋ ይመዝግበው፤ የሹፌሩ ጥያቄ ከቀጠለ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ቀድሞ ስለ መከላከልም ልጨምር። በካናዳው ሜዳ ከብት በሽቦ አጥር ውስጥ ስለሚውል መንገድ ላይ የሚገኘው አጥር ሲሰበር ነው። እኛ ዘንድ ግጦሹ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተከፈለ፣ ውሃውም በአንደኛው ወገን ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ መሻገር የዕለት ተዕለት ግዴታ ነው። ሹፌሮች በብዛት ባለ ከብቱን ይወቅሳሉ፤ ነገር ግን ከብቱ በዚያ ሜዳ ሲሻገር የኖረው መንገዱ ከመምጣቱ በፊት ነው። በየሰፈሩ አንድ መሻገሪያ ተመርጦ፣ ሁሉም በተወሰነ ሰዓት በዚያ ብቻ ቢያሻግር፣ አንድ ሰው ቀድሞ አንድ ሰው ተከትሎ በመጨረሻው ብርሃን ላይ ሳይሆን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢነዳ አደጋው ይቀንሳል። የተመረጠው ቦታ ከታወቀ በኋላ ቀበሌው የከብት መሻገሪያ ምልክት እንዲተከልለት መጠየቅ ይችላል። መንገዱ ሲታደስ ደግሞ ከብት በሥሩ የሚያሳልፍ ሰፊ የውሃ ማሳለፊያ እንዲሠራ መጠየቅ ይቻላል፤ በበጋ ለከብት፣ በክረምት ለውሃ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ መንገዱን በሚያቋርጠው ቱቦ የሚወጣው ውሃ በቀጥታ ወደ ማሳዬ ይወርዳል። መጀመሪያ ትንሽ ፈሰስ ነበር፤ አሁን ግን ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆኗል። ጎረቤቶቼ ቱቦውን በድንጋይና በአፈር ድፈነው ይሉኛል። ምን ላድርግ? (ከሸኖ አካባቢ)

መልስ፦ እባክዎ ቱቦውን አይድፈኑት። ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምለምንዎት ከመጀመሪያው መልስ ይረዱታል። ቱቦው ሲደፈን ውሃው ከመንገዱ በላይኛው በኩል ይቆማል፤ ጥቁሩ አፈር ያንን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ የላይኛው ጎረቤትዎ ማሳ ውሃ ይተኛበታል፣ አስፋልቱም ይፈርሳል፤ ውሃው አንድ ሌሊት መንገዱን ጥሶ ሲወርድ ደግሞ ዛሬ ካለው በባሰ ኃይል የሚያርፈው በእርስዎው ማሳ ላይ ነው።

የእርስዎ ቅሬታ ግን እውነተኛ ነው፤ በቂ ትኩረትም አላገኘም ብዬ አምናለሁ። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ከላይ የሚመጣው ውሃ በሜዳው ላይ ተበትኖ በብዙ ትናንሽ ፈሰሶች ይወርድ ነበር። መንገዱ ያንን ሁሉ እንደ ክትር አግዶ፣ በቦይ ሰብስቦ፣ በአንድ ቱቦ ያስተነፍሰዋል። የብዙ ሰዎች ማሳ ውሃ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የሚያስከትለውንም ጉዳት ብቻዎን እንዲሸከሙ መተው ፍትሐዊ አይደለም።

ቦረቦሩ የሚጀምረው ውሃው ከቱቦው አፍ በኃይል በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ ጥገናውም ከዚያ መጀመር አለበት። ከቱቦው መውጫ በታች ድንጋይ በሥርዓት ይነጠፋል፤ ቁልቁለቱ ከበዛ በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ፣ ጋቢዮን የሚባለው፣ በደረጃ ይደረደራል። ከዚያ በታች ውሃው እስከ ወንዙ ወይም እስከ ነባሩ ፈሰስ ድረስ የሚሄድበት፣ ሰፋ ብሎ ጥልቀት የሌለውና ሣር የለበሰ መውረጃ ያስፈልጋል። ይህ መውረጃ በብዙ ሰዎች ማሳ ድንበር ላይ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሳይስማሙ የሚሠራ አይደለም። በመውረጃው ላይ የሚበቅለውን ሣር አጭዶ ለመጠቀም የሚያስችል ስምምነት ቢደረግ ሰዎች በቀላሉ ይቀበሉታል፤ የከብት መኖ በዚያ አካባቢ ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነ ያውቁታልና። አሁን ያለውን ቦረቦር ለማዳን ደግሞ ከላይ ወደ ታች በየርቀቱ የድንጋይ ክትር መሥራት ይገባል፤ ታችኛውን ጠግኖ የላይኛውን መተው ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል።

ውሃውን እንደ ጉዳት ብቻ ማየትም አይገባም። በትግራይና በአማራ ክልሎች ከመንገድ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ኩሬ፣ ወደ ግጦሽ መሬትና ወደ ማሳ እየመሩ ለበጋ የሚያቆዩ አካባቢዎች አሉ። በእርስዎ ዘንድ አፈሩ ራሱ ውሃ የሚያቁር በመሆኑ ማሳው ላይ ተጨማሪ ውሃ መልቀቅ አያስፈልግም፤ ከማሳው በታች የሚቆፈር ኩሬ ግን ጥቁር አፈር ውሃ ስለማያሰርግ ብዙ ጊዜ ውሃውን ይይዛል፣ በታኅሣሥና በጥር ከብት ያጠጣል። ኩሬው ከመንገዱ ራቅ ብሎ ይቆፈር፤ ለልጆችም እንዳያሰጋ ይታጠር።

ማመልከቻውን በተመለከተ፣ ይህ አውራ ጎዳና ከፌዴራል መንገዶች አንዱ ስለሆነ ቱቦውንና የቱቦውን መውጫ የመጠገን ኃላፊነት የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ከማሳዎ በታች ያለው የውሃ መውረጃና የአፈር ጥበቃ ሥራ ደግሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይመለከታል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጓተተው አንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስለሚመራ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ማመልከቻ ለሁለቱም በአንድ ቀን ያስገቡ፣ ለእያንዳንዳቸውም ግልባጩ ለሌላው መድረሱን በግርጌው ይጻፉበት። ብቻዎን ከሚያመለክቱ ከላይና ከታች ካሉት ጎረቤቶችዎ ጋር ተፈራርማችሁ ብታመለክቱ ይሻላል። የቱቦውን ቦታ በአቅራቢያው ባለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ያመልክቱ፤ ዝናብ እየጣለ ውሃው ከቱቦው ሲወጣ የተነሳ ፎቶግራፍና ቦረቦሩን ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚያሳይ ሌላ ፎቶግራፍ ያያይዙ። የድንጋይ ሥራ በክረምት ስለማይሠራ፣ ማመልከቻው መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ቢገባ ለበጋው የሥራ ወቅት ይደርሳል፤ ከዚያ ከዘገየ ደግሞ ቢያንስ የቱቦው መውጫ በድንጋይ እንዲነጠፍ እስከ ሚያዝያ ድረስ ደጋግመው ይጠይቁ።